በወረርሽኝ ጊዜ እናትን በሆስፒታል ማዋለድ፦ ከበሩ እስከ መሸኛው ዝርዝር መመሪያ

ወረርሽኝ ሲገባ በማዋለጃ ክፍሎች ሦስት ስህተቶች ይደጋገማሉ። ምጥ የያዛት እናት በር ላይ በሙቀት ልኬትና በጥያቄ ትዘገያለች። ክፍሉ ለአየር ሲባል ተከፍቶ ሕፃኑን ይበርደዋል፤ ወይም ለሙቀት ሲባል ተዘግቶ ሠራተኛው በአንድ ሳምንት ተያይዞ ይታመማል። ሕፃኑም ያለ በቂ ምክንያት ከእናቱ ጉያ ይወሰዳል። ሦስቱም የሚመጡት ከፍርሃትና ካለመዘጋጀት ነው፤ ሦስቱንም ማስቀረት ይቻላል።

መመሪያው በሰሜን ሸዋ ለሚሠሩ ሚድዋይፎች፣ ሐኪሞች፣ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች፣ የጽዳት ሠራተኞችና ጥበቃዎች ነው። ኮቪድ-19ንና እሱን መሰል በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታን ታሳቢ ያደርጋል። በመድኃኒት መጠን ጉዳይ ጤና ሚኒስቴር በወቅቱ የሚያወጣው መመሪያ ከዚህ ይቀድማል።

አንድ ነገር ከሁሉ አስቀድማችሁ ያዙ። የደም መፍሰስ፣ የእርግዝና ደም ግፊት፣ የተራዘመ ምጥና የማህፀን ኢንፌክሽን ወረርሽኝ መጣ ብለው አያርፉም። የወረርሽኙ ሥራ በእነዚህ ላይ ይጨመራል እንጂ አንዱንም አይተካም።

ደረጃ 1፦ ሕመምተኛ ከመምጣቱ በፊት

*ክፍሉን ምረጡ።* ለተጠረጠረች እናት የሚሆነው ክፍል ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት፣ የራሱ መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ ያለው ነው። ከዋናው ማዋለጃ ኮሪደር የማያልፍ መግቢያ ካለው የተሻለ ነው። መጸዳጃ ከሌለው ክዳን ያለው ፖፖ መድቡ። ውኃ በሚጠፋበት ከተማ ቧንቧ ያለው በርሜል ሁልጊዜ ሞልቶ ይቀመጥ፤ መሙላት የማን ሥራ እንደሆነ በስም ጻፉ። በስም ያልተሰጠ በርሜል ባዶ ሆኖ ይገኛል።

*አየርና ሙቀትን አስታርቁ።* ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ፣ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት መስኮት ከፍቶ ማዋለድ ሕፃኑን ለብርድ መስጠት ነው። ማዋለጃ ክፍል ቢያንስ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። እንዲህ አድርጉ፦

1. ቴርሞሜትር ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ያለ ቴርሞሜትር ስለ ክፍሉ ሙቀት መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።
2. ምጡ በሚገፋበት ረጅም ጊዜ ትይዩ ያሉ መስኮቶችን ክፈቱ። እናቲቱ ጋቢ ደርባ ትሙቅ። አልጋዋን ነፋሱ በቀጥታ ከሚመታው ቦታ አውጡ።
3. ነፋሱ ከሠራተኛው በኩል ገብቶ በእናቲቱ በኩል እንዲወጣ አልጋውን አዙሩ። አቅጣጫውን ለማወቅ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በክር አንጠልጥሉ።
4. የማህፀን በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከሠራተኛው በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ። በእናቲቱ በኩል ያለውን ከላይ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ተዉት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያውንና የሕፃን ማሞቂያውን አብሩ።
5. ሕፃኑ ደርቆ እናቱ ደረት ላይ ከተሸፈነ በኋላ መስኮቱን መልሳችሁ ክፈቱ።

ከሰል ወደ ክፍሉ አታስገቡ፤ መብራት ቢጠፋም እንኳ። በተዘጋ ክፍል ከሰል የሚያወጣው ጭስ አልባ መርዝ እናትንም ሕፃንንም ሠራተኛንም ይገድላል። ኦክስጅን ባለበት ደግሞ እሳት ያስነሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ መተማመኛው የእናት ደረት፣ ኮፍያ፣ ካልሲና ደረቅ ጋቢ ነው። ከቤት የመጣ የመንዝ ባና ይሞቃል፤ ግን ታጥቦ ቶሎ ስለማይደርቅ ለእናቲቱ ከላይ ይደረብ እንጂ የሕፃኑን ገላ አያግኝ።

*አንድ ሳጥን አዘጋጁ።* ከክፍሉ በወጣችሁ ቁጥር መከላከያ ልብስ ይባክናል፣ ጊዜም ይሄዳል። ሳጥኑ ውስጥ ይኑሩ፦ 2 የማዋለጃ ዕቃ ስብስብ፣ የስፌት ዕቃ ስብስብ፣ የሕፃን አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) ከሁለት ልክ ማስክ ጋር፣ የእትብት ማሰሪያ፣ 3 ደረቅ የሕፃን ጨርቅ፣ ኮፍያ፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) እና የደም ሥር ፈሳሽ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ)፣ ማግኒዚየም ሰልፌት (በእርግዝና ደም ግፊት ለሚመጣ መንዘፍዘፍ) ከማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ጋር፣ ሚሶፕሮስቶልና ትራኔክሳሚክ አሲድ (ለደም መፍሰስ)፣ ሃይድራላዚን (የደም ግፊት ማውረጃ)፣ ቫይታሚን ኬ፣ የዓይን ቅባት፣ ፐልስ ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅን መለኪያ)፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ዶፕለር (የልጁን የልብ ምት በድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ)። ኦክሲቶሲን (ማህፀን የሚያኮማትር መርፌ) እዚህ አይቀመጥም፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። ሳጥኑ ላይ በቀይ «ኦክሲቶሲን ከፍሪጅ» ብላችሁ ጻፉ፤ እናቲቱ ስትገባ በበረዶ መያዣ አብሮ ይግባ።

*በረኪናውን በልክ በጥብጡ።* እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጥፋት አለ። አንዱ በዓይን ግምት መጨመር ነው፤ ሌላው የትናንቱን መጠቀም። የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ።

- 5 በመቶ በረኪና፦ ለወለል፣ ለአልጋና ለጠረጴዛ (0.1 በመቶ) 1 እጅ በረኪና በ49 እጅ ውኃ። ለ20 ሊትር ጄሪካን 400 ሚሊ ሊትር በረኪና ይበቃል። ለፈሰሰ ደምና ፈሳሽ (0.5 በመቶ) 1 እጅ በ9 እጅ ውኃ፤ ለ10 ሊትር ባልዲ 1 ሊትር በረኪና።
- 4 በመቶ በረኪና፦ ለ0.1 በመቶ 1 በ39፣ ለ0.5 በመቶ 1 በ7።

በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ ሰዓቱን ባልዲው ላይ ጻፉ። ከዱቄት ሳሙና ወይም ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ቆሻሻ ላይ ኃይሉን ስለሚያጣ መጀመሪያ በሳሙናና ውኃ አጽዱ፣ ቀጥሎ በረኪናውን አድርጉና 10 ደቂቃ ተዉት። ሰው ላይ መርጨት፣ በበር ላይ በረኪና የሚረጭ መተላለፊያ መሥራት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። እርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ ፈጽሞ አታድርጉት።

*ኦክስጅኑን ቁጠሩ።* 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ኦክስጅን አለው። በደቂቃ 5 ሊትር 20 ሰዓት፣ በደቂቃ 15 ሊትር 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሄዳል። ቀመሩ ቀላል ነው፦ የሲሊንደሩ መጠን በሊትር ሲባዛ በጌጁ (በግፊት መለኪያው) ንባብ፣ ሲካፈል ለፍጥነቱ። ጌጁ 50 ባር ሲያሳይና በደቂቃ 10 ሊትር ሲሰጥ የቀረው 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። መለወጫ ሲሊንደሩ ከነቁልፉ አጠገቡ ይቁም። ቁልፉ መጋዘን ተቆልፎበት ሲሊንደር መክፈት ያልተቻለበት ሌሊት እንዳይመጣ ቁልፉን በሰንሰለት እሰሩት።

ኦክስጅን ከአየር የሚያጣራው ማሽን (ኮንሰንትሬተር) በደጋ አቅሙ ይቀንሳል። የማሽኑን መጽሐፍ ከፍታ የሚለውን መስመር አንብቡ፤ የሚያወጣውንም በኦክስጅን መለኪያ ፈትሹ። ከ82 በመቶ በታች ካወጣ ለታመመች እናት አትመኑት።

ደረጃ 2፦ በር ላይ

ጥበቃው የመጀመሪያው የጤና ሠራተኛ ነውና አሠልጥኑት። እሱ የሚያውቀው አንድ ትእዛዝ ይሁን፦ ሆዷ የገፋ ሴት ወረፋ አትይዝም።

የሚጠየቀው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ እናት ይገድላል።

1. ለእናቲቱም ለአጃቢዋም ማስክ ስጡ። ለመስጠት 5 ሴኮንድ ይበቃል።
2. «ደም እየፈሰሰሽ ነው? ያንዘፈዘፈሽ ነገር አለ? ማማጥ ማማጥ አሰኘሽ? የሽርት ውኃ ፈሷል? ራስሽን ፈልጦሻል፣ ዓይንሽን ጋርዶሻል? ልጁ ይንቀሳቀሳል?» ለአንዱ እንኳ አሳሳቢ መልስ ከሰጠች ወይም ራሷን ከሳተች ቀሪው ጥያቄ አልጋ ላይ ይጠየቃል። ሠራተኛው መከላከያውን ለብሶ እንደ ተጠርጣሪ ይቀበላታል።
3. ቀጥሎ ትኩሳት፣ ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ሽታና ጣዕም ማጣት፣ ባለፉት 14 ቀናት ከታመመ ሰው ጋር መገናኘት።
4. ሙቀት፣ የትንፋሽ ቁጥር፣ የደም ኦክስጅን፣ የደም ግፊት። የደም ግፊት በር ላይ ካልተለካ ይቅር ማለት አይደለም፤ አልጋ ላይ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ይለካ።

የቫይረስ ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ማንኛዋንም እናት አታስጠብቁ፤ ናሙናው ይወሰድ፣ ሥራው ይቀጥል።

*ትኩሳት ሁሉ ወረርሽኙ አይደለም።* ከሸዋ ሮቢትና ከዙሪያው ቆላ ለመጣች እናት የወባ ምርመራ ወዲያው አድርጉ። የሽርት ውኃዋ ከፈሰሰ ሰዓታት ያለፉትና የሚሸት ፈሳሽ ያላት የማህፀን ኢንፌክሽን ይኖራታል፤ አንቲባዮቲክ አይዘግይ። የትንፋሽ ማጠርም እንዲሁ ነው፤ በከባድ የእርግዝና ደም ግፊት ሳንባ ውኃ ሲይዝ፣ በደም ማነስ፣ በቆየ የልብ ሕመም ይመጣል። «ተጠርጣሪ» የሚል ወረቀት ካርዷ ላይ ስለተለጠፈ ሐኪሙ ማሰብ እንዳያቆም።

ደረጃ 3፦ መልበስና ማውለቅ

ሲለበስ፦ እጅ መታጠብ (በሳሙና 40–60 ሴኮንድ)፣ ጋውንና ውኃ የማያስገባ ሽርጥ፣ ማስክ፣ መነጽር ወይም የፊት መከለያ፣ በመጨረሻ የጋውኑን እጅጌ የሚሸፍን ጓንት። ለወሊድ የሕክምና ማስክ ይበቃል። ኤን-95 (ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ ረቂቅ ቅንጣት የሚያግድ ማስክ) የሚያስፈልገው ቱቦ ሲገባ፣ ጉሮሮ በማሽን ሲመጠጥ፣ በሙሉ ማደንዘዣ ጊዜ፣ ልብና ሳንባ ሲታደስ ነው። ጥቂት ካላችሁ ለነዚህ አስቀምጡ።

ሰው የሚያዘው በአብዛኛው ሲያወልቅ ነው፤ የደከመ ሰው ይቸኩላልና። ሲወልቅ፦ ጓንት፣ እጅ ማጽዳት፣ ጋውኑን ከአንገት ፈትቶ ወደ ውስጥ እየጠቀለሉ፣ እጅ ማጽዳት፣ መነጽር ከኋላ ተይዞ፣ ማስክ በማሰሪያው ብቻ ተይዞ፣ እንደገና እጅ ማጽዳት። ማውለቂያው ግድግዳ ላይ ትእዛዙን በትልልቅ ፊደል ለጥፉ፤ ሌላ ሰው ቆሞ እያነበበ ያስወልቅ።

በጭንብሉ ምክንያት እናቲቱ ማን እንደሚነካት አታውቅም። ስማችሁን በፕላስተር ጽፋችሁ ደረታችሁ ላይ ለጥፉ። «እህቴ፣ ሚድዋይፍሽ ነኝ፤ ይህን የለበስኩት ላንቺም ለልጅሽም ብዬ ነው፤ ጥዬሽ አልሄድም» በሏት። ይህን መስማት ከብዙ ነገር ይበልጥባታል።

ደረጃ 4፦ ምጡን መከታተል

1. ውስጥ አንድ ሚድዋይፍ፣ ውጭ አንድ አቀባይ መድቡ። ከዚህ በላይ ሠራተኛ አይግባ። የታመመች እናት ብቻዋን በር ተዘግቶባት አትቀመጥም፤ ክትትሉ ለጤነኛዋ ከሚደረገው አይቀንስም።
2. ፓርቶግራፉ (የምጥ መከታተያ ቅጹ) ውጭ ይቀመጥ። የውስጧ ቁጥሩን በመስኮት ትናገራለች ወይም ጽፋ ታሳያለች፤ የውጭዋ ወዲያው ትሞላለች። «በኋላ እሞላዋለሁ» የተባለ ፓርቶግራፍ አይሞላም፣ የተራዘመውንም ምጥ አያሳይም።
3. የልጁን የልብ ምት ቢያንስ በየ30 ደቂቃው፣ ስታምጥ በየ5 ደቂቃው አዳምጡ። ፒናርድ (በጆሮ የሚያዳምጡበት ቀንድ መሰል መሣሪያ) ፊታችሁን ስለሚያቀርብ ዶፕለር ይመረጣል። ዶፕለር ከሌለ ፊቷን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንድታዞር ጠይቁና በፒናርድ ሥሩ፤ ማዳመጡ አይቅር።
4. የትንፋሽ ቁጥርና የደም ኦክስጅን በየሰዓቱ መዝግቡ።
5. በግራ ጎኗ ትተኛ ወይም ምቹ በሆነላት ሁኔታ ትሁን። እናንተ ከፊቷ ትይዩ ሳይሆን ከጎን ቁሙ።
6. ማስኳ በላብ ሲረጥብ ለውጡላት። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ኦክስጅን ላይ ካለች አታስገድዷት።

*አጃቢ።* አንድ ጤነኛ አጃቢ ይፈቀድላት፤ እናቷ፣ እህቷ ወይም ባሏ። ተመርምራ፣ ማስክ አድርጋ፣ ከገባች በኋላ ሳትመላለስ ትቆይ። «ማርያም ማርያም» የሚልላት የምታውቀው ድምፅ አጠገቧ ሲኖር ምጡ ይቀልላታል፤ ደም ሲጨምርም ቀድማ የምትጠራችሁ ያቺው አጃቢ ናት። አጃቢዋ ከታመመች ሌላ ይተካ እንጂ ቦታው ባዶ አይሁን።

*ስትወልድ።* ልጁ እንደወጣ፣ ሌላ መንታ እንደሌለ ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ በ1 ደቂቃ ውስጥ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ ስጡ። ደም ከበዛ ማህፀኑን እያሻችሁ፣ ፊኛዋን ባዶ እያደረጋችሁ፣ ተጨማሪ ኦክሲቶሲን በደም ሥር ጀምሩ፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር በቀስታ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ኦክሲቶሲን ከሌለ ሚሶፕሮስቶል 800 ማይክሮ ግራም ከምላስ ሥር። ጋውን በለበሰ ሠራተኛ ፊት ደሙ ሽርጥና ወለል ላይ ስለሚበተን ከሚታየው በላይ ነው ብላችሁ ገምቱ።

ደረጃ 5፦ ትንፋሽ ያጠራት እናት

የደም ኦክስጅንን ከመለካታችሁ በፊት ጣቷን እዩ። እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም፣ የቀዘቀዘ ጣት ንባቡን ሊያዛቡ ይችላሉ። ያልተቀባውን ጣት ፈልጉ፣ በእጃችሁ አሙቁት፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ።

በደጋ የጤነኛ ሰው ንባብ ከቆላው በጥቂት በመቶ ዝቅ ይላል። በጤናማ ጊዜ ለክትትል የሚመጡ ጤነኛ እርጉዞችን ለክታችሁ የሆስፒታላችሁን ልክ ግድግዳ ላይ ጻፉ። ይህ ኦክስጅን ለመከልከያ አይደለም፤ መውረዱን ቀድሞ ለማየት ነው። ከ92 በመቶ በታች ከሆነ፣ ወይም ንባቡ ደህና ሆኖ ትንፋሿ በደቂቃ 30 ከደረሰ፣ ጀምሩ። በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ እስከ 5 ሊትር፣ በተራ ማስክ ከ6 እስከ 10፣ ከረጢት ባለው ማስክ ከ10 እስከ 15 ሊትር። ዓላማው ከ92 እስከ 95 በመቶ ነው። ከረጢቱ ሳይነፋ ማስኩን አታድርጉላት፤ ሳትተነፍስ ትቀራለች።

የደም ሥር ፈሳሽን በግድ አታጉርፉ፤ ሳንባዋ ይሞላል። ከባድ የትንፋሽ ሕመም ያላት ዴክሳሜታሶን በቀን 6 ሚሊ ግራም እስከ 10 ቀን ትወስዳለች። ይህ ገና ሳይደርስ ለሚወለድ ሕፃን ሳንባ ከሚሰጠው (6 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ፣ 4 ጊዜ) የተለየ ነውና የትኛውን እንዳዘዛችሁ ካርዱ ላይ በግልጽ ጻፉ። ደም የመርጋት አደጋዋ ስለሚጨምር ካልደማችና ወሊዱ ካልቀረበ መከላከያ ሄፓሪን ሐኪሙ ይወስን።

*ማግኒዚየም ስትወስድ።* ሁልጊዜ የምናየው ምልክት፣ የትንፋሽ ቁጥር፣ እዚህ ያሳስታል። በሳንባ ምች ምክንያት 30 ትተነፍስ የነበረች እናት 18 ስትሆን «ተሻላት» አትበሉ፤ መድኃኒቱ ትንፋሿን እያፈነው ሊሆን ይችላል። የጉልበት ምላሽን (መዶሻ ሲነካው እግር መወርወሩን) እና ሽንቷን (በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር) አብራችሁ ተመልከቱ። ምላሹ ከጠፋ ወይም ትንፋሽ ከ16 ከወረደ አቁሙ፤ ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም በደም ሥር በቀስታ ስጡ፣ በአምቡ ባግ ትንፋሽ አግዙ።

ደረጃ 6፦ ኦፕራሲዮን

መታመሟ ብቻ ለኦፕራሲዮን ምክንያት አይሆንም። ምክንያቱ ካለ ግን ከወትሮው ቀደም ብላችሁ ወስኑ፤ ልብሱ፣ መንገዱና ክፍሉን ማዘጋጀቱ ጊዜ ይበላልና። የጀርባ ማደንዘዣ ይመረጣል። ሙሉ ማደንዘዣ ግድ ከሆነ ቱቦ በሚገባበት ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የማደንዘዣ ባለሙያውና ረዳቱ ብቻ ይኑሩ።

እትብት ሲቀድም ወይም የልጁ ምት ሲወድቅ ለመልበስ 10 ደቂቃ የሚፈጅ ቡድን ሕፃኑን ያጣዋል። ስለዚህ ሳምንት በሳምንት በሰዓት ተለማመዱ፤ በእያንዳንዱ ፈረቃ ቢያንስ አንድ ሰው ቀድሞ ለብሶ እንዲገባ ተራ አውጡ። ሳይለብሱ መግባት ግን አይፈቀድም፤ አንድ የማደንዘዣ ባለሙያ ሲታመም ለሳምንታት የሚቆመው የሁሉም እናቶች ኦፕራሲዮን ነው።

ደረጃ 7፦ ሕፃኑ

1. በሞቀ ደረቅ ጨርቅ አድርቁ፣ እርጥቡን ጣሉ፣ እርቃኑን እናቱ ደረት ላይ አድርጉ፣ ኮፍያ አልብሱ፣ ከላይ ሸፍኑ። እናቲቱ ማስክ ታድርግ። ሕፃን ማስክ አይደረግለትም፤ ያፍነዋል።
2. ካለቀሰ እትብቱን ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይታችሁ ቁረጡ።
3. ካልተነፈሰ በመጀመሪያዋ ደቂቃ በአምቡ ባግ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ስጡ። ማነቃቂያ ጠረጴዛው ከእናቲቱ ራስ 2 ሜትር ይራቅ፤ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ካልቆየ ያኔ መግፋት አይቻልም።
4. በ1 ሰዓት ውስጥ ይጥባ። እናቲቱ እጇን ታጥባ፣ ማስክ አድርጋ ታጥባው።
5. ቫይታሚን ኬ 1 ሚሊ ግራም፣ የዓይን ቅባት፣ ከመሸኘቱ በፊት ቢሲጂና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ።
6. ገላውን ለመታጠብ 24 ሰዓት ይቆይ።
7. ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ይሁን። በመጀመሪያው ሰዓት በየ15 ደቂቃው እግሩን ዳስሱ፤ እግሩ ከቀዘቀዘ ደረቱም ሊከተል ነው።

ሕፃኑን ከእናቱ አትለዩ። ቫይረሱን በመፍራት ከጡት የተለየ ሕፃን ብርድ፣ የስኳር መውረድና ተቅማጥ ያገኙታል። እናቲቱ ልታቅፈው የማትችል እስክትሆን ከታመመች ወተቷን በንጹሕ ዕቃ አልባችሁ በሲኒ ወይም በማንኪያ ስጡት፤ ጡጦ ይቅር። ጤነኛ ዘመድ በደረቷ ታሙቀው። ቅቤ ማላስ፣ ስኳር ውኃ ማጠጣት እንደሌለበት ለአያት ጭምር ንገሩ፤ የምትሰጠው ብዙ ጊዜ አያት ናት። ስትነግሯት በአክብሮት «እማማ» ብላችሁ፣ ለምን እንደሆነ አስረድታችሁ እንጂ ገስጻችሁ አይሁን።

ደረጃ 8፦ ከወለደች በኋላ

ለመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ማህፀኗን፣ ደሟን፣ የልብ ምቷንና ግፊቷን እዩ። አልጋ ቸግሮን ነው ብላችሁ ከ24 ሰዓት በፊት አትሸኙ፤ በደጋ ገጠር መንገድ ላይ የደማች እናት ተመልሳ አትደርስም።

አልጋው ከአልጋ 2 ሜትር ይራቅ፤ የሕፃኑ አልጋ ከእናቱ ራስ በኩል ሳይሆን ከእግሯ በኩል ይሁን።

*ገንፎውና ጠያቂው።* ገንፎ አትከልክሉ። መከልከል ያለበት በአንድ ገበታ ዙሪያ መቀመጡ ነው፤ ማስክ የሚወልቀውና ሰው የሚጠጋጋው ያኔ ነው። ለእያንዳንዷ በራሷ ሳህንና ማንኪያ ይቅረብ፣ ቡናው ከቤት ውጭ ይፈላ፣ ሲኒ አይቀባበል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የመጣ ጠያቂ በመስኮት ወይም በስልክ ይበል። ጠበል የመጣላት በራሷ ንጹሕ ዕቃ ይቀመጥላት፤ አንድ ጽዋ ለብዙ አይሁን። ቤተሰቡ ግር እንዳይለው ይህን ምጡ ሳይጠና ለአጃቢዋ ንገሩ። ስትወልድ መንገር ጠብ ያመጣል።

ደረጃ 9፦ ክትትልና የእናቶች ማቆያ

ቀጠሮ በሰዓት ስጡ፤ «ጠዋት ነይ» ማለት ሃምሳ ሰው በአንድ ኮሪደር መሰብሰብ ነው። አይረን ፎሌት ለ2 ወር አንድ ጊዜ ስጡ። የማይታለፉት የደም ግፊት፣ የሽንት ፕሮቲን፣ የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ናቸው፤ እነዚህ በስልክ አይሠሩም። የቀረች እናት በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትፈለግ።

የእናቶች ማቆያ ቤት በወረርሽኝ ፍርሃት እንዳይዘጋ። ከሩቅ ቀበሌ ለምትመጣ እናት ሌላ መንገድ የለም። የሚተኛውን ቁጥር ቀንሱ፣ አልጋውን አራርቁ፣ ራስና እግር አቀያይራችሁ አስተኙ፣ ለአንዷ አንድ አስታማሚ ብቻ ፍቀዱ፣ ጠዋትና ማታ ሙቀት ለኩ። ያሳላት ወዲያው ትለይ፤ ወደ ቤቷ ግን አትመለስ።

ደረጃ 10፦ ሪፈር (ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ)

ከመላካችሁ በፊት በስልክ ንገሩ። ስም፣ ዕድሜ፣ የእርግዝና ሳምንት፣ ምን እንዳገኛት፣ ምን እንደተሰጣት፣ የተሰጠበት ሰዓት፣ ኦክስጅን ላይ መሆኗን። ተቀባዩ «ቦታ የለም» ካለ ሐኪም ለሐኪም ይነጋገር፤ ሾፌር ይዟት አይዙር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ይጠራል።

ኦክስጅኑን ለመንገዱ እጥፍ አስሉ። በጣርማ በር ጉም ሲወርድ ወይም መንገድ ሲዘጋ የአንድ ሰዓቱ መንገድ ሁለትና ሦስት ይሆናል። የአምቡላንሱ የኋላ መስኮት ገርበብ ይበል፣ በሾፌሩና በኋላው መካከል ያለው ይዘጋ። ሚድዋይፍ አብራ ትሂድ፤ የማዋለጃ ዕቃ ስብስብ፣ አምቡ ባግ፣ ኦክሲቶሲንም በበረዶ ትያዝ። መንገድ ላይ ብትወልድ መኪናውን አቁማችሁ አዋልዱ።

ደረጃ 11፦ ክፍሉን ለቀጣይዋ ማዘጋጀት

1. መስኮቶችን ክፈቱ። ሙሉ ማደንዘዣ ወይም የጉሮሮ መምጠጥ ከነበረ የጽዳት ሠራተኛዋ ወዲያው አትግባ፤ አየሩ ይለወጥ።
2. ስለት ያለው ሁሉ ወደ ስለት መጣያ ሳጥን። ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል፤ አይጠቀጠቅም።
3. የእንግዴ ልጁ በማያፈስ ዕቃ ወደ ጉድጓዱ ይሂድ። ቤተሰብ ልውሰድ ካለ በክዳን ዕቃ ስጡና እጅ መታጠብን አሳዩ።
4. አንሶላውን ሳታራግፉ ጠቅልሉ። በሙቅ ውኃና ሳሙና ይታጠብ፤ ሙቅ ውኃ ከሌለ በ0.05 በመቶ በረኪና 30 ደቂቃ ተዘፍዝፎ ይለቅለቅና ፀሐይ ላይ ይሰጣ።
5. ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው፣ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። የበር እጀታ፣ የአልጋ ብረት፣ የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ፣ የዶፕለሩ ራስና የስልኩ ገጽ የሚረሱ ናቸው።
6. የጽዳት ሠራተኛዋ ወፍራም ጓንት፣ ቦቲ፣ ሽርጥ፣ ማስክና መነጽር እንደ ሚድዋይፏ ታግኝ። ዕቃ ሲያጥር የመጀመሪያ የምትነፈገው እሷ መሆኗ መቅረት አለበት።
7. የማዋለጃ ዕቃና የመድኃኒት ሳጥኑን በዝርዝሩ እያያችሁ መልሳችሁ ሙሉ፣ ሲሊንደሩን ለኩ፣ የለካችሁትን ባርና ሰዓቱን ጽፋችሁ ለቀጣዩ ፈረቃ አስረክቡ።